ሰላምታ የሚበላው ሽማግሌ

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማይከብዳችሁ ሰዎች፣ ምን ያህል ጸጋ እንደተሰጣችሁ አታውቁትም። እኔ የምወርደው ሌላ ሰው በወረደበት ነው። ቤታችን አብነት ነው፤ አብነት ላይ የሚወርድ ሰው ከጠፋ ግን አልፌ እሄድና ደግ ሰው በወረደበት ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ረዳቱ «እህት፣ የት ነሽ?» ሲለኝ «የትም» ብዬዋለሁ።

እንዲህ ያለች ሰው መርካቶ ውስጥ ምን ትሠራለች? ብትሉ አልፈርድባችሁም። አክስቴም በየቀኑ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነበር።

አክስቴ ራጉኤል አጠገብ ካልሲ ትሸጣለች። ድምፅዋ ከሱቅዋ ይሰፋል። «ና ወንድሜ! ነይ እናቴ! ማየት በነፃ ነው!» ስትል፣ ባዶ እግሩን መሄድ የሚወድ ሰው ሳይቀር ገብቶ ካልሲ ይዞ ይወጣል። እኔን ከአገር ቤት ያመጣችኝ ታግዘኛለች ብላ ነው። እኔ ደግሞ ደንበኛ ሲመጣ ከተሰቀለው ካልሲ ጀርባ እቆማለሁ። ደንበኛው ሱቁን ባዶ መስሎት ይሄዳል።

«አንቺን ዕቃ ጠብቂ ብዬ ባቆምሽ ዕቃው አንቺን ይጠብቃል!» አለችኝ አንድ ቀን። ክረምቱ ሲጋመስ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠች። «ለመስቀል አገር ስገባ ይዤሽ እገባለሁ፤ እዚያው ትቀሪያለሽ።»

አገሬን ጠልቼ አይደለም። ግን መርካቶን ወድጄዋለሁ። መርካቶ ለዓይን አፋር ሰው እንዴት እንደሚመች ማንም አይነግራችሁም። ሰው ሁሉ የሚያየው ዕቃ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ያን ሁሉ ሕዝብ አቋርጣችሁ ስታልፉ አንድ ዓይን እንኳ አያርፍባችሁም፤ ያረፈ እንደሆነም የጫማችሁን ዋጋ እየገመተ ነው። አገር ቤት ግን ውሃ ልትቀዱ ስትወጡ መንደሩ ሁሉ አገር ሰላም መሆኑን ይጠይቃችኋል። እኔ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አልችልም።

ያዳነኝ የጋሽ ነስሩ ካልሲ ነው። ጋሽ ነስሩ የገበያው ጥበቃ ማህበር ኃላፊ ናቸው። ካልሲ ሊገዙ መጥተው ከአክስቴ ጋር ሲጫወቱ፣ ለሬዲዮ ክፍላቸው ሰው እንደጠፋ ነገሯት።

«ምን ዓይነት ሰው?» አለች አክስቴ።

«ቁጭ ብሎ የሚውል።»

«መቀመጥማ!» አለችና ከካልሲው ጀርባ ጎትታ አወጣችኝ። «በመቀመጥ ማን ይችላታል?»

ጋሽ ነስሩ አዩኝ። እኔ ጫማቸውን አየሁ። «እስከ መስቀል እንሞክራት» አሉ። አክስቴም «ካልሆነች መኪናው ላይ ወንበር እይዝላታለሁ» አለች። እንግዲህ የእኔ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ ነበር፤ ወይ የሬዲዮ ክፍሉ ወንበር፣ ወይ የመኪናው።

ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ግን የገበያውን ቆርቆሮ ጣሪያ በሙሉ ቁልቁል ያሳያል። ሥራዬ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ ጠዋት ጠዋት በየተራው ያሉት ጥበቃዎች ሬዲዮአቸው መሥራቱን ማረጋገጥና የጎደለውን ለፖሊስ ጣቢያው መንገር ነው።

ችግሩ ያለው ሬዲዮው ላይ ነበር። ጥበቃዎቹ የሚይዙት አሮጌ ሬዲዮ ነው፤ አናሎግ ይሉታል። እንደ ጡብ ይከብዳል፣ ሲናገሩበት እንደ ጋለ ዘይት ይንጫጫል፣ ቢወድቅ ግን የሚሰበረው መሬቱ ነው። ፖሊስ ጣቢያውና እሳት አደጋዎቹ ደግሞ በዚያ ዓመት አዲስ ዲጂታል ሬዲዮ መጣላቸው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ግን አዲሱ አሮጌውን አይሰማም፤ አሮጌውም አዲሱን አይሰማም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ የተኳረፉ ወንድማማቾች በሏቸው። ጥበቃው ሌባ ሲይዝ ሮጦ ጣቢያ መሄድ አለበት፤ እሱ እስኪመለስ ሌባውም ሮጦ የራሱን ጉዳይ ጨርሷል። ስልክስ? ትሉኝ ይሆናል። በገበያ ሰዓት መርካቶ ውስጥ ኔትወርክ ማግኘት ማለት በዝናብ ሰዓት ባዶ ታክሲ ማግኘት ማለት ነው።

እኔ በገባሁ ሰሞን ታዲያ አንድ ኢንጂነር ሳጥን ይዞ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ደረጃውን ሲወጣ ግን እንደ ሽማግሌ ያለከልካል። የሳጥኑን ስም በእንግሊዝኛ ነገረን። ጋሽ ነስሩ ስሙን ወደ ጎን ትተው «ሥራው ምንድን ነው?» አሉት።

«የማይነጋገሩትን ሁለቱን ሬዲዮዎች መሃላቸው ገብቶ ያነጋግራል።»

«እንዲህ በለኛ ታዲያ! ሽማግሌ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኑ ሽማግሌው ሆኖ ቀረ። ኢንጂነሩ ራሱ ሳይቀር ስልክ ሲደውል «ሽማግሌው እንዴት ነው?» ይላል። ከሽማግሌው በግራ አሮጌው ሬዲዮ፣ በቀኝ አዲሱ ተቀመጡ። መሃል ላይ አንዲት ቀይ ማጥፊያ አለች። «ይህቺን ማንም እንዳይነካት!» አለ ኢንጂነሩ።

ከዚያ ጥበቃዎቹን ሰብስቦ አስተማረ። «ሬዲዮ ላይ ሰላምታ የለም። ቁልፉን ተጫን፣ መልእክትህን ተናገር፣ ልቀቅ። አለቀ።»

ጋሽ ነስሩ እጃቸውን አወጡ። «ሳጅን በላቸውን ሳልሰላም?» ሳጅን በላቸው በፖሊስ ጣቢያው ሬዲዮ የሚይዙት ሰው ናቸው።

«ሳይሰላሙ፣ ጋሼ።»

«ጠዋት?»

«ጠዋትም።»

«ሰው ታሞበት ቢሆንስ?»

«ጋሼ፣ እሳት ተነስቶ እንዴት አደርክ ሊባባሉ ነው?»

«ከብት እንኳ ሲገናኝ ይላላሳል» አሉና ጋሽ ነስሩ ተቀመጡ። ግን ታዘዙ። የማህበሩ ኃላፊ ናቸውና ምሳሌ መሆን አለባቸው።

ጉዱ የጀመረው በማግስቱ ነው። ያኔ አብነት ላይ ለባቡሩ መንገድ ይቆፈር ነበር። ጋሽ ነስሩ ቁልፉን ተጫኑና ያለ ሰላምታ «አብነት በኩል መንገድ ተዘግቷል!» አሉ። እኔ በሁለቱ መሃል ስለተቀመጥኩ በግራ ጆሮዬ ሙሉውን ሰማሁ። በቀኝ ጆሮዬ የመጣው ግን «መንገድ ተዘግቷል!» ብቻ ነበር።

«የቱ መንገድ?» አሉ ሳጅን በላቸው። ይህ በቀኝ በኩል ገብቶ በግራ በኩል ምንም ሆኖ ወጣ። ጋሽ ነስሩ የሰሙት ቋ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

«ጋሽ ነስሩ፣ የቱ መንገድ?» አሉ ሳጅኑ ደግመው። በግራ «መንገድ?» ሆኖ ወጣ።

«አዎ መንገድ ነው!» አሉ ጋሽ ነስሩ። በቀኝ «ነው!» ሆኖ ወጣ።

«ነው ማለት ምን ማለት ነው?» በግራ «ምን ማለት ነው?»

ጋሽ ነስሩ ደማቸው ፈላ። «ይሄ ሰው መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ነው ፖሊስ የሆነው?» በቀኝ በኩል «ሳያውቅ ነው ፖሊስ የሆነው?» የሚለው ጥርት ብሎ፣ በዲጂታል ድምፅ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድለው ደረሰ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሳይነካ የደረሰው ስድቡ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሊያስታርቅ መጥቶ አጣላ። በቀጠሉት ቀናትም ከየተራው «ቶሎ ኑ!» የሚል ጥሪ ይደርሳል፤ የት እንደሆነ ግን አይደርስም። ፖሊሶቹ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ቶሎ ይመጣሉ። መጥተው ግን ከሸማ ተራ እስከ ሶማሌ ተራ ቶሎ ቶሎ ይዞራሉ። አንዳንዱ ነጋዴ ሰልፍ መስሎት ሱቁን ዘጋ።

እኔ ደግሞ መናገር ግድ የሚሆንብኝ የጠዋቱን ሪፖርት በአሮጌው ሬዲዮ፣ በሽማግሌው በኩል ሳደርስ ብቻ ነው። ማንም እንደማያየኝ አውቃለሁ፤ ግን ፊቴ አያውቅም፣ ይቀላል። ሰላምታ እንደተከለከለም አውቃለሁ፤ ምላሴ ግን አያውቅም። «እ... እንደምን አደሩ ሳጅን... ይቅርታ... እኔ ነኝ፣ ከላይ... ደህና አደሩ? የሸማ ተራው ጥበቃ ባትሪው ስላለቀ አይመልስም ለማለት ነው... ይቅርታ።»

ሳጅን በላቸው ለኢንጂነሩ ደውለው ምን አሉት መሰላችሁ? «ከዚህ ሁሉ ሰው ሙሉ ነገር የምትናገረው ያቺ ልጅ ብቻ ናት!» በሕይወቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ፊት ጨርሼ አላውቅም። ወሬው አክስቴ ዘንድ ሲደርስ «ሌላ ልጅ ይሆናል» አለች።

ኢንጂነሩ መጣ። አጠገቤ ቆሞ «እስቲ ተናገሪ» ሲለኝ ጭራሽ ድምፄ ጠፋ። ወደ ኮሪደር ወጥቶ በሩን ዘጋልኝና ከውጭ ሆኖ አዳመጠ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር። «ገባኝ! ሽማግሌው ለመንቃት ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል። በሩን እስኪከፍት የተባለው ሁሉ ደጅ ይቀራል። አንቺ ይቅርታሽን ደጅ ታስቀሪና ቁምነገሩን ታስገቢያለሽ።»

እናም ጥበቃዎቹን እንደገና ሰበሰበ። ቁልፉን ተጭናችሁ፣ ትንሽ ዝም ብላችሁ፣ ከዚያ ተናገሩ አላቸው። አልሆነም። ሰው ጆሮ ላይ ዝም ብሎ መቆም የሌባ ነው ብለው እምቢ አሉ። ኢንጂነሩ «እሺ» አለ፤ «በቃ፣ ሰላም ተባባሉ።»

ጋሽ ነስሩ ተነሱ። «ድሮስ ሽማግሌ ሳይሰላሙት ሊሰማ ኖሯል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባታዩት ይሻላል። ለትንሽ ቀን ተከልክሎ የከረመ ሰላምታ እንዴት እንደሚፈስ! መልእክቱ አሁን ሙሉ ይደርሳል፤ እስኪደርስ ግን ይመሻል። ጋሽ ነስሩ የሳጅኑን ሚስት፣ ልጆች፣ የአማታቸውን ጉልበት፣ ያሳደጉትን በግ ሳይቀር ይጠይቃሉ። ሳጅን በላቸው ደግሞ የወሎ ሰው ናቸው። የወሎ ሰው በሰላምታ ሲሸነፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «አብሽሩ ጋሼ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት? ወገብዎን ተሻለዎት?» እያሉ ከሥር ይመልሳሉ። አንድ ቀን አንድ ጥበቃ የሌባ አንገት ይዞ ሰላምታ ጀመረ። ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና ከተባባሉ በኋላ ሳጅኑ «ሌባውስ ደህና ነው?» ሲሉት፣ «ደህና ነው እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይኸው አጠገቤ ነው» አላቸው።

መስቀል ደረሰ። አክስቴ ሁለት ወንበር ያዘች። «ነስሩ እስካሁን ትቀመጥ አላለም፤ ዝም ማለቱ እንቢ ነው» አለችኝ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው በበዓል ገዢ ጢም ብሎ ሳለ፣ ጋሽ ነስሩ ሳጅን በላቸውን እንኳን አደረሰህ ለማለት ቁልፉን ተጫኑ። የበዓል ሰላምታ ከሌላው ቀን ይለያል፤ የሞቱትንም ይጨምራል። እኔ በመስኮት ገበያውን አያለሁ። ከፍራሽ ተራ ጣሪያ ላይ አንዲት ቀጭን ጭስ ብቅ አለች። አጠገቧ አንድ በያጅ ጣሪያ ሲበይድ አየሁ። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ነው፣ እስከ ጣሪያው የተከመረ።

አሮጌውን ሬዲዮ አነሳሁ። ግን በሬዲዮ አንዱ ቁልፉን እንደያዘ ሌላው መግባት አይችልም። የፍራሽ ተራው ጥበቃም እንደኔ ቁልፍ እየተጫነ መሆን አለበት። «ጋሼ» አልኩ። «ጋሼ... ይቅርታ...» ጋሽ ነስሩ የአማትየዋ ጉልበት ላይ ደርሰዋል።

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም። አያቴ ሲያወሩ ጋቢያቸው እሳት ቢይዝ፣ ወጋቸውን እስኪጨርሱ ጠብቀን «ይቅርታ አባባ፣ ጋቢዎ» የምንል ይመስለኛል። ጭሱ ግን ወፈረ። ዓይኔ ቀይዋ ማጥፊያ ላይ አረፈ። እሷን ካጠፋሁ ሽማግሌው ይተኛል፣ የአዲሱ ሬዲዮ መስመር ነፃ ይሆናል፣ እኔም በእሱ እሳት አደጋዎቹን እጠራለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እጄን የያዘኝ እሳቱ አልነበረም። የማጠፋው ሳጥኑን ሳይሆን ጋሽ ነስሩን መስሎ ስለታየኝ ነው።

አጠፋኋቸው።

አዲሱን ሬዲዮ ያዝኩና፣ እሳት እያየሁ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። «ይቅርታ... ፍራሽ ተራ ጭስ ወጥቷል። በአብነት አትምጡ፣ ተቆፍሯል። በራጉኤል በኩል ኑ። ይቅርታ።»

«ደጋግመሽ ይቅርታ የምትይው እሳቱን አንቺ ነሽ እንዴ ያስነሳሽው?» አለኝ የእሳት አደጋው ሰውዬ። ግን መኪናው ሲነሳ ከጀርባው ይሰማኛል።

በግራ ጆሮዬ ደግሞ ሌላ እሳት ተነሳ። ጋሽ ነስሩ መልስ አጥተዋል። «ሳጅን? ሳጅን በላቸው? ... ምነው ዝም አልከኝ? ተቀየምክ እንዴ? ያን ቀን ፖሊስ የሆነው ያልኩት ተናድጄ ነው... ወይስ ፊሽካው ነው? ፊሽካህን የሕፃን መጫወቻ ይመስላል ያልኩት ለጨዋታ ነው፤ ወሬውን ማን እንዳደረሰልህ አውቄዋለሁ...» አሮጌው ሬዲዮ በየጥበቃው እጅ አለ። ገበያው ሁሉ ኃላፊውን በሌለ ሰው ፊት ሲለማመጡ ይሰማል። ልመልሳቸው አሰብኩ። ግን እሳት አደጋዎቹ በቀኝ ጆሮዬ መንገድ ይጠይቁኛል፤ ግራ ጆሮዬን ለአላህና ለእግዚአብሔር ሰጠሁት።

እሳቱ ሳይዛመት ጠፋ። የተቃጠለው ጥቂት ስፖንጅና የበያጁ ሱሪ ነው። ሽማግሌውን አበራሁትና ወንበሬ ላይ ተኮማትሬ ጠበቅሁ።

ጋሽ ነስሩ ደረጃውን ሲወጡ ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ይሰማኛል። ከኋላቸው ሳጅን በላቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአክስቴ ድምፅ አለ። ሦስቱም ገቡና ክፍሉ ሞላ።

«ማነው ያጠፋኝ?» አሉ ጋሽ ነስሩ።

«እኔ... ይቅርታ...»

አክስቴ ልታስጥለኝ ዘለለች። «በሞቴ ይማሯት ጋሽ ነስሩ! ወንበሯን ይዣለሁ፣ ነገ በሌሊት ይዣት እገባለሁ፣ ሁለተኛ ዓይኗን አያዩትም!» እንዲህ ያለ ጠበቃ ያለው ሰው ከሳሽ አያስፈልገውም።

ጋሽ ነስሩ እጃቸውን አነሱና እኔን ብቻ ጠየቁኝ። «የት ላይ ስደርስ ነው ያጠፋሽኝ?»

«የሳጅን አማት... ጉልበት ላይ፣ ጋሼ።»

ወደ ሳጅኑ ዞሩ። «ከጉልበቱ በኋላ ያልኩትን አልሰማህም?»

«አንዲት ቃል አልሰማሁም ጋሼ» አሉ ሳጅን በላቸው። «ጥበቃዎችዎ ናቸው ደረጃ ላይ የነገሩኝ። ግን... እውነት ፊሽካዬ የሕፃን ይመስላል?»

ጋሽ ነስሩ ሳይወዱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳጅኑም ሳቁ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ወንበሩን እያሰበች ነው።

ጋሽ ነስሩ ባትሪ የምደረድርበት በርሜል ላይ ተቀመጡ። «እዚህ ገበያ ስኖር ያቋረጠኝ ሰው የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው አክብሮኝ ዝም ሲል የጣመው እየመሰለኝ ስቀጥል ኖሬያለሁ። ይቺ ልጅ ትቀመጥ። ሳረዝም ታጥፋኝ። ግን አንቺ ልጅ፣ ስታጠፊኝ ንገሪኝ። ሰው እንዴት ብቻውን ያወራል?»

«ወንበሩስ?» አለች አክስቴ። «ወንበር ይዤላት!»

«ካልሲ ጫኝበት።»

አክስቴ በማግስቱ በሌሊት ሄደች። የመስቀል ዕለት መርካቶ ሌላ አገር ሆነ። የእኛ ሰው አገሩ ገብቷል፤ ጋሽ ነስሩ አገራቸው የሚገቡት ለአረፋ ስለሆነ የእኛን ሱቅ ይጠብቃሉ። ከመስኮቴ ሳይ በተዘጉት በሮች መሃል ብቻቸውን ይሄዳሉ። ቆሙና ሬዲዮአቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። የጠሩት ሳጅኑን አልነበረም።

«እንኳን አደረሰሽ ልጄ! እናትሽ ደህና? አክስትሽ በሰላም ገባች? ካልሲውስ?»

መለስኩላቸው። ገበያው ባዶ ነው፣ መስመሩን የሚፈልገው ሰው የለም፣ ቁልፉም እጄ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኔም ባለቤታቸውን ጠየቅሁ። ከዚያ ልጆቻቸውን። ወገባቸውን። አገር ቤት ያሉትን ታላቅ ወንድማቸውን። ያወቅሁትን ሰው ስጨርስ የማላውቃቸውን ጎረቤቶቻቸውን ጀመርኩ። ቁልፉን ስለቅ በመስኮት አየኋቸው፤ ቀና ብለው ወደ አራተኛ ፎቅ ያያሉ።

«ልጄ» አሉ፣ «አንቺንስ የሚያጠፋሽ ማነው?»